ሃይድሮጅኑን ማውጣት ተችሏል፤ መልሶ መሙላቱስ በምን ዋጋ? (ስለ አሞኒያ ቦሬንና ዘመዶቹ)

ቦሮን_ወዳጅ · ሰኞ፣ ምሽት 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን «ቤንዚንን የሚተካው ነጭ ዱቄት» የሚል ቪዲዮ በየቴሌግራም ቡድኑ እየዞረ ስለሆነ እዚህ በሰፊው ብንነጋገርበት ብዬ ነው። ዱቄቱ አሞኒያ ቦሬን ነው። ከክብደቱ 19.6 በመቶ ያህሉ ሃይድሮጅን መሆኑ ልክ ነው። ቪዲዮው ዘሎ ያለፈው ሃይድሮጅኑ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ነገር ነው፤ ለኔ ደግሞ የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አሞኒያ ቦሬን ሾርና ፓሪ በ1955 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ውህድ ነው። አንድ ቦሮንና አንድ ናይትሮጅን ተያይዘው፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ሃይድሮጅን ይዘዋል። ቦሮን ላይ ያሉት ሃይድሮጅኖች ኤሌክትሮን የተረፋቸው ናቸው፤ ሃይድራይድ እንላቸዋለን። ናይትሮጅን ላይ ያሉት ደግሞ ኤሌክትሮን አንሷቸው ወደ ፕሮቶንነት ያዘነብላሉ። ጎረቤት ስለሆኑ ሙቀት ሲያገኙ ይጣመሩና ሃይድሮጅን ጋዝ ሆነው ይወጣሉ። የመጀመሪያው ዙር በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ ሁለተኛው በ150 አካባቢ ነው። በእያንዳንዱ ዙር የሚወጣው ከክብደቱ 6.5 በመቶ ያህል ነው። ሦስተኛውን ለማስወጣት ከ500 ዲግሪ በላይ ማጋል ያስፈልጋል፤ ያኔ የሚቀረው ቦሮን ናይትራይድ ነው። ቦሮን ናይትራይድ ለብረት ማቅለጫ ዕቃ የሚመረጥ ግትር ሴራሚክ ስለሆነ እዚያ የደረሰ ቦሮን ተመለሰ ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ሆን ብለው ሁለተኛው ዙር ላይ ወይም ትንሽ አለፍ ብለው ያቆሙታል። የሚቀረው ነጭ ጠጣር ፖሊቦራዚሊን ይባላል፤ ቀለበት ከቀለበት እየተያያዘ የተሠራ የቦሮንና የናይትሮጅን መረብ ነው።

ሃይድሮጅኑን ማስወጣቱ ላይ ብዙ ተሠርቷል። በ2005 የፓስፊክ ኖርዝዌስት ብሔራዊ ላብራቶሪ ሰዎች አሞኒያ ቦሬኑን በሲሊካ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ አስገብተው ሙቀቱን ዝቅ አደረጉለት። በ2006 ደግሞ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዎቹ ጎልድበርግና ሃይኔኪ በኢሪዲየም ካታሊስት (አጸግብሮት አፋጣኝ) የመጀመሪያውን ዙር በክፍል ሙቀት፣ በደቂቃዎች ውስጥ አስወጡት። ካታሊስት ያልፈለሰፈ ላብራቶሪ ያለ አይመስለኝም። መልሶ መሙላቱ ላይ የተሠራው ግን ከዚህ ጋር ሲተያይ በጣት የሚቆጠር ነው።

በዚህ በኩል ትልቁ ሥራ የተሠራው ከ2005 እስከ 2010 የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ባቋቋመው የኬሚካል ሃይድሮጅን ማከማቻ ማዕከል ውስጥ ነው፤ መሪዎቹ ሎስ አላሞስና ፓስፊክ ኖርዝዌስት ነበሩ። ሁለት መንገዶችን ልጥቀስ። የ2009ኙ ፖሊቦራዚሊኑን ቤንዚንዳይታዮል በሚባል የሰልፈር ውህድ «ይፈጨዋል»፤ ከዚያ በቆርቆሮ ሃይድራይድ ሃይድሮጅኑን ወደ ቦሮን ይመልሳል። ያ የቆርቆሮ ውህድ በሞለኪውል 291 ይመዝናል፤ የሚሰጠው ሃይድራይድ ግን አንድ ብቻ ነው። አንድ ግራም ሃይድሮጅን ለማቀበል 291 ግራም ዕቃ በፋብሪካው ውስጥ ይዞራል ማለት ነው።

ሁለተኛው በ2011 የወጣው የሎስ አላሞስና የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ አንድሪው ሰተን፣ ጆን ጎርደን፣ ዴቪድ ዲክሰንና ባልደረቦቻቸው። ፖሊቦራዚሊኑን ከሃይድራዚን ጋር በፈሳሽ አሞኒያ ውስጥ ጨምረው፣ በተዘጋ የግፊት ዕቃ፣ በ40 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አቆዩት። ከ90 በመቶ በላዩ አሞኒያ ቦሬን ሆኖ ተመለሰ። ከአንድ ድስት ሳይወጣ! ከሃይድራዚኑ የሚቀረው ናይትሮጅን ጋዝ ብቻ ስለሆነ የሚለይና የሚጣራ ዝባዝንኬ የለም። በኬሚስትሪ ዓይን ካየነው ከዚህ የበለጠ ንጹሕ መንገድ እስካሁን አላየሁም።

ግን እስኪ እናስላው። አንድ ሞል ሃይድራዚን አራት ሃይድሮጅን አቶም ይሰጣል፤ ይህ የሁለቱን ዙር ሃይድሮጅን ይመልሳል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማደል 7.7 ኪሎ ያህል አሞኒያ ቦሬን ሁለት ዙር ይለቃል። ያንን ለመሙላት የሚያስፈልገው ሃይድራዚን፣ ምንም ሳይባክን፣ 8 ኪሎ ገደማ ነው። ሃይድራዚን ደግሞ ከአየር አይታፈስም፤ ከአሞኒያ ይሠራል፣ አሞኒያው ከሃይድሮጅን ይሠራል።

እኔ የምለው ይህን ነው። «19.6 በመቶ» የሚለውን ቁጥር ብቻውን መጥቀስ ይቁም። አጠገቡ ሌላ ቁጥር ይጻፍ፦ አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለመመለስ ስንት ኪሎ ምን ያልቃል?

---

መምህርት_ደሴ · ሰኞ፣ ምሽት 4፡02

እግዜር ይስጥልን ወንድሜ። የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼም ቪዲዮውን አይተው ጠይቀውኛል። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። አሞኒያን ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን በግፊትና በካታሊስት እንሠራ የለ? ፖሊቦራዚሊኑንስ ሃይድሮጅን በከፍተኛ ግፊት ለቀውበት ለምን አይሞሉትም? ሃይድራዚን፣ ቆርቆሮ፣ ሰልፈር ምን አመጣው?

---

ቦሮን_ወዳጅ · ሰኞ፣ ምሽት 4፡31

መምህርት፣ ዋናውን ጥያቄ ነው ያነሡት። ልዩነቱ ሙቀቱ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚወጣ ነው።

አሞኒያ ሲሠራ ሃይድሮጅን *ሲገባ* ሙቀት ይወጣል። ስለዚህ ግፊት ሲጨመር አጸግብሮቱ በፈቃዱ ወደ አሞኒያ ይሄዳል። አሞኒያ ቦሬን ላይ ግን ሃይድሮጅን *ሲወጣ* ነው ሙቀት የሚወጣው፤ በመጀመሪያው ዙር ለአንድ ሞል 22 ኪሎጁል ያህል። በዚያ ላይ ከጠጣር ጋዝ ስለሚፈጠር ኢንትሮፒውም (የመበታተን ዝንባሌው) ወደዚያው ይገፋል። ሁለቱ ሲደመሩ ለመመለስ የሚጎድለው ነፃ ኢነርጂ በሞል ከ50 ኪሎጁል በላይ ነው። በክፍል ሙቀት ግፊትን በ10 እጥፍ ብናሳድግ የምናገኘው 5.7 ኪሎጁል ብቻ ነው። ያን ሁሉ በግፊት ለመሙላት ከአንድ ባር ተነሥቶ ዘጠኝ ዜሮ ያለው ባር ውስጥ መግባት ነው። እንዲህ ያለ ጋን የለም፣ አይኖርምም። ሙቀት ቢጨመርም አይረዳም፣ ኢንትሮፒው ይብስበታል እንጂ። ካታሊስትም መንገዱን ያፈጥናል እንጂ ዳገቱን ዝቅ አያደርግም።

ስለዚህ ሃይድሮጅኑ በጋዝነቱ ሳይሆን ቀድሞ ኢነርጂ በተሸከመ ሞለኪውል ላይ ተጭኖ ነው የሚገባው። ቆርቆሮ ሃይድራይዱም፣ ሃይድራዚኑም፣ ሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድ የሚባለው ሌላው ሃይድራይድ ሰጪም ሥራቸው አንድ ነው።

---

ሂደት_መሐንዲስ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡45

እኔ በኬሚካል ፋብሪካ ሂደት ላይ ነው የምሠራው፤ በዚያ ዓይን ልጨምር። ሃይድራዚን ራሱ ከየት ይመጣል? ጥንታዊው የራሺግ ሂደት አሞኒያን ከሶዲየም ሃይፖክሎራይት ጋር ያገናኛል። ሁለት አሞኒያ ስድስት ሃይድሮጅን ይዞ ይገባል፤ ሃይድራዚኑ አራቱን ይዞ ይወጣል፣ ሁለቱ ውሃ ሆነው ይቀራሉ። ሃይፖክሎራይቱ ከክሎሪን፣ ክሎሪኑ ከጨው ውሃ በኤሌክትሮሊሲስ ይመጣል። አዲሱ መንገድ በክሎሪን ፈንታ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይጠቀማል፤ ጨው አይፈጠርም፣ ፐሮክሳይዱ ግን ራሱ ከሃይድሮጅን ነው የሚሠራው።

አሁን የናይትሮጅኑን ጉዞ ተከተሉት። ከአየር ተወስዶ በሃበር ቦሽ አሞኒያ ይሆናል፤ ከአሞኒያ ሃይድራዚን ይሆናል፤ ሃይድራዚኑ ሃይድሮጅኑን ለቦሮን ሰጥቶ ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይመለሳል። ለተሸካሚነት ብቻ ነው የመጣው። በየጣቢያው ኢነርጂ ተከፍሎበታል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የመጠን ጉዳይ ነው። አንድ የፊውል ሴል መኪና (ሃይድሮጅንን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ የሚሄድ) 5 ኪሎ ሃይድሮጅን ይፈልጋል እንበል። ለዚያ አንድ ሙሌት 40 ኪሎ ሃይድራዚን ያልቃል። ዛሬ ሃይድራዚን ለማሞቂያ ውሃ ዝገት መከላከያ፣ ለፕላስቲክ አረፋ ማድረጊያ፣ ለግብርና ኬሚካልና ለሳተላይት ነው የሚመረተው። ለመኪና ነዳጅ ይሁን ከተባለ ኢንዱስትሪው እንደ አዲስ መሠራት አለበት።

---

ቢኒ_ከም · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

ሁላችሁም ሙቀት ሙቀት ትላላችሁ። ውሃስ? አሞኒያ ቦሬን ውሃ ውስጥ ከፕላቲነም ወይም ሩቴኒየም ካታሊስት ጋር ሲገባ በክፍል ሙቀት ሦስቱንም ዙር ሃይድሮጅን ይለቃል። በሙቀት ሲሆን የሚመጣው ቦራዚን የሚባል ተረፈ ምርት የለ፣ አረፋ የለ። በየወሩ ስለዚህ አዲስ ጽሑፍ ይወጣል። ለምን በዚያ አይኬድም?

---

ቦሮን_ወዳጅ · ማክሰኞ፣ ቀን 7፡05

ቢኒ፣ መውጣቱ ላይ ያልከው ሁሉ ትክክል ነው። የሚቀረውን ተመልከት፤ ቦሬት ነው። ቦሮን ከኦክስጅን ጋር ተያይዟል። የቦሮንና የኦክስጅን ትስስር ቦሮን ከሚያውቃቸው ትስስሮች ሁሉ ከጠንካሮቹ አንዱ ነው፤ ቦራክስ በማዕድንነት በበረሃ ተኝቶ የሚገኘውም ለዚህ ነው። ያገለገለውን ነዳጅ ወደ ማዕድን መለስነው ማለት ነው።

ይህ በንድፈ ሐሳብ የቀረ አይደለም፤ ተሞክሮ ታይቷል። ክራይስለር በ2001 ናትሪየም የሚባል ሚኒቫን አሳይቶ ነበር። ነዳጁ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ በውሃ ተሟሙቶ ነው፤ ሥርዓቱ የሚሌኒየም ሴል ኩባንያ ነበር። መኪናው ሄዷል። ግን የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር በኅዳር 2007 የሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ሃይድሮሊሲስ (በውሃ ሃይድሮጅን ማስለቀቅ) ለመኪና ነዳጅነት እንዳይቀጥል ወሰነ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ መልሶ የመሙላቱ ጣጣ ነው።

ስሌቱን ላሳይህ። በሽሌዚንገርና በብራውን ሂደት አንድ ሞል ቦሮሃይድራይድ ለመሥራት አራት ሞል ሶዲየም ሃይድራይድ ይገባል፤ ማለትም 92 ግራም ሶዲየም ብረት። ያ ቦሮሃይድራይድ ከውሃ ጋር ሲገናኝ 8 ግራም ሃይድሮጅን ይሰጣል። በኪሎ ስናደርገው ለ1 ኪሎ ሃይድሮጅን 11.4 ኪሎ ሶዲየም ነው። ሶዲየም ከቀለጠ ጨው በኤሌክትሮሊሲስ ሲወጣ በኪሎ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። ስለዚህ ሶዲየሙ ብቻ 114 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የምናገኘው ኪሎ ሃይድሮጅን ደግሞ ሲቃጠል የሚሰጠው 33.3 ነው። ሦስት ተኩል እጥፍ ከፍለን አንድ ማግኘት ነው፣ ያውም ቦሬቱን የማድረቁና በሂደቱ የሚገባው የሜታኖል ወጪ ሳይታሰብ።

ለዚህ ነው ከኦክስጅን ጋር አታገናኙት የምለው። በሙቀት ወይም በካታሊስት ያለ ውሃ ከተለቀቀ ቦሮኑ ከናይትሮጅን ጋር ይቀራል፤ ያም ከባድ ነው፣ ግን ሃይድራዚን እንኳ ይደርስበታል። ሃይድራዚን ለቦሬት ምንም አያደርገውም።

---

ጓንት_ሳጥን · ማክሰኞ፣ ቀን 9፡40

ከቦሮን ውህዶች ጋር በየቀኑ ስለምውል (የዶክትሬት ተማሪ ነኝ) ከላብራቶሪ በኩል ልናገር።

አሞኒያ ቦሬን በስሌት ሲታይ ንጹሕ ቁጥር ነው። በዓይን ሲታይ ሌላ ነው። ዱቄቱን በመስታወት ቱቦ ስታሞቀው መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ከዚያ ይላላል፣ ድንገት ይነፋል። በቱቦው ግድግዳ ላይ ነጭ አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣና ይደርቃል። የመጀመሪያ ይዞታውን ብዙ እጥፍ ያክላል። ይህን ከታንክ ውስጥ ጠርጎ ወደ ፋብሪካ መላክ ራሱን የቻለ የምህንድስና ጉዳይ ነው፤ ፈሳሽ ቢሆን በቱቦ ይቀዳ ነበር።

መልሶ መሙላቱ መሳካቱን የምናየው በቦሮን 11 ኤንኤምአር ነው፤ ቦሮኑ ከምን ጋር እንደተያያዘ በማግኔት የሚያሳይ መለኪያ ነው። ያገለገለው ነዳጅ ከዜሮ በላይ 30 አካባቢ ሰፊ ድልድል ያለ ጉብታ ያሳያል። አሞኒያ ቦሬን ደግሞ ከዜሮ በታች 23 አካባቢ አራት ጫፍ ያለው ምልክት አለው፤ አራት የሆነው ቦሮኑ ላይ ሦስት ሃይድሮጅን ስላለ ነው። ያ ጉብታ እየሟሸሸ አራቱ ጫፎች እየረዘሙ ሲመጡ ከማየት የበለጠ የሚያስደስተኝ ነገር የለም።

ስለ ፈሳሽ አሞኒያው ደግሞ፦ ብዙ ሰው ማሟሚያ ብቻ ይመስለዋል። ሃይድራዚን ሌላ ማሟሚያ ውስጥ ሲሠራ ቦሬኑን ራሱ ይይዘውና ሃይድራዚን ቦሬን ይሆናል። አሞኒያው ነው በብዛቱ ገፍቶ ቦታውን የሚወስድለት። ግን አሞኒያ በከባቢ ግፊት ከዜሮ በታች በ33 ዲግሪ ይፈላል፤ በ40 ዲግሪ ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ዕቃው 15 ባር ያህል መቻል አለበት። ለፋብሪካ ምንም አይደለም፤ ለላብራቶሪ ግን በጥንቃቄ የሚያዝ ነው።

---

ከአሽዶድ · ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡15

ሰላም ወገኖቼ። ኬሚስት አይደለሁም፤ በአየር ኃይል የአውሮፕላን ጥገና ላይ አገልግያለሁ። ሃይድራዚን የሚለውን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ኤፍ 16 ሞተሩ በአየር ላይ ቢጠፋ መሪውን የሚያንቀሳቅስለት የአደጋ ጊዜ ኃይል ማመንጫ አለው። የሚሠራው በሃይድራዚን ነው፤ 70 በመቶ ሃይድራዚን 30 በመቶ ውሃ። ያ ማመንጫ ሠርቶ የወረደ አውሮፕላን ዘንድ ማንም ዘው ብሎ አይጠጋም። አካባቢው ይከለላል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ይታያል፣ መጀመሪያ የሚቀርቡት ሙሉ መከላከያ ልብስና የመተንፈሻ መሣሪያ ያደረጉት ናቸው። ሽታው አሞኒያ አሞኒያ ይላል፤ ግን «ሸተተኝ» ካልክ የተፈቀደውን መጠን አልፈሃል ተብለን ነው የተማርነው። በቆዳ ይገባል፣ ጉበትና ነርቭ ይጎዳል፣ ለካንሰርም ይጠረጠራል።

አንድ አውሮፕላን የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ለዚያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አለ። ለአንድ መኪና አንድ ሙሌት 40 ኪሎ ሲባል ደነገጥኩ። ሃይድራዚኑ መኪናው ውስጥ ነው የሚገባው ወይስ ሌላ ቦታ?

---

ቦሮን_ወዳጅ · ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡50

ወንድሜ፣ ይህን ከሠራበት ሰው መስማት ዋጋ አለው፤ ተባረክ። መኪናው ውስጥ አይገባም። ሐሳቡ እንደ ለስላሳ ሳጥን ነው፤ ባዶውን ሰጥተህ ሙሉውን ትወስዳለህ፣ መሙላቱ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አሽከርካሪው ሃይድራዚን በዓይኑ አያይም። ግን ያልከው ለፋብሪካው ሠራተኛና ለሚያጓጉዘው ሰው በሙሉ ልክ ነው፤ ለዚያም ነው ሃይድራዚኑ እዚያው ተመርቶ እዚያው ያልቅ የሚባለው።

---

ኤርላንገን_ማዶ · ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡30

ከጀርመን ነኝ፤ ሥራዬ ሃይድሮጅን ተሸካሚ ዘይቶች ላይ ነው። እዚህ የተመረጠው ዳይቤንዚልቶሉይን ነው፤ ለሙቀት ማስተላለፊያ የሚያገለግል የታወቀ ዘይት። 6.2 በመቶ ሃይድሮጅን ይይዛል። ከአሞኒያ ቦሬን ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። መሙላቱ ግን ሃይድሮጅን ጋዝ በግፊትና በካታሊስት ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም አይገባም። ሙቀትም ይሰጣል።

ችግሩ ሲወጣ ነው፤ 300 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል፣ ለአንድ ሞል ሃይድሮጅን 65 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይበላል። በኪሎ ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ከ33.3ቱ ከሩብ በላይ።

አያችሁ፣ ሁለቱ የተገላቢጦሽ ናቸው። የናንተው ሲወጣ ይሞቃል፣ አይመለስም። የኛው ሲመለስ ይሞቃል፣ ለመውጣት ይለመናል። መሐል ላይ ያለ ነገር ቢገኝ አይሻልም? ካርቦን ቀለበት ውስጥ አንድ ቦሮንና አንድ ናይትሮጅን ማስገባት የሚሉት ሰዎች ይህን ነው የሚፈልጉት።

---

ቦሮን_ወዳጅ · ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡20

እኔም ወደዚያ ልመጣ ነበር። ሺህ ዩዋን ሊዩ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የጀመሩት ነው። በ2010 ከዲክሰን ጋር ያወጡት ሥራ ባለ ስድስት ጎን የቦሮን፣ ናይትሮጅንና ካርቦን ቀለበት ላይ ነው፤ ከመሙያው ሃይድሮጅን ከፊሉ በቀጥታ በጋዝ፣ የቀረው በሃይድራይድና በፕሮቶን ነው የገባው። ከፊሉን እንኳ በጋዝ ማስገባት መቻሉ ከአሞኒያ ቦሬን ጋር ሲተያይ ትልቅ እርምጃ ነው።

በ2011 ደግሞ ባለ አምስት ጎን ቀለበት አወጡ፤ ቢኤን ሜቲልሳይክሎፔንቴን ይሉታል። ይህ ፈሳሽ ነው። አየርና እርጥበት አያበላሸውም። በ80 ዲግሪ፣ በብረት ክሎራይድ፣ በ20 ደቂቃ ሁለት ሃይድሮጅን ይሰጣል። ብረት ነው፣ ኢሪዲየም አይደለም! ሦስት ሦስት ሆኖ ተያይዞ የሚቀረውም ፈሳሽ ነው። ጓንት_ሳጥን ስለ አረፋው የጻፈውን አንብባችሁ ይህን ስታዩ ልዩነቱ ይገባችኋል፤ ገብቶም ወጥቶም በቧንቧ የሚሄድ ነው። የሚቀረውም ዓይነቱ አንድና የታወቀ ሞለኪውል ስለሆነ ኬሚስቱ ምን እንደሚመልስ ያውቃል። ፖሊቦራዚሊን ግን መልኩ ብዙ ነው፤ ከዙር ወደ ዙር ይለያያል።

ዋጋው አቅሙ ነው፤ 4.7 በመቶ። ካርቦኖቹ ሃይድሮጅናቸውን እንደያዙ ይቀራሉ። በ2015 የወጣው፣ ሁለት ቦሮንና ሁለት ናይትሮጅን ያለበት ቀለበት 9.4 በመቶ ይደርሳል፣ ያለ ካታሊስት እስከ 150 ዲግሪ ይታገሣል፤ ግን ጠጣር ነው።

አሁንም ግን ጥያቄዬን አልተውም። ያ ፈሳሽ የተመለሰው በሜታኖል ተፈትቶ በሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድ ነው። በላብራቶሪ ደንበኛ ነው። በቶን ደረጃ ግን ያው እንደ ሶዲየሙ ሊቲየምን ከቀለጠ ጨው ወደ ማውጣት ይመልሰናል። እኔ ገንዘብ የማዝበት ሰው ብሆን የማዘው እዚህ ላይ ነው፦ የነዚህን ቀለበቶች ሁለቱንም የሃይድሮጅን ድርሻ ከጋዝ የሚሞላ ካታሊስት። ዳገቱ ከአሞኒያ ቦሬን ያነሰ ስለሆነ ሊሞከር የሚገባው ነው።

---

ናቲ_ሞገድ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

በጣም ጥሩ ውይይት ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ ጋ ከ2024 ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና አይገባም ተብሏል፤ የሕዳሴው ግድብም ሥራ ጀምሯል። ኤሌክትሪክ ካለን ይህን የመሙያ ፋብሪካ እኛ ብንሠራስ? ዋናው ወጪ ኤሌክትሪክ ነው አላላችሁም?

---

ሂደት_መሐንዲስ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡50

ናቲ፣ ሐሳብህ መጥፎ አይደለም፤ ግን ቁጥሩ ሌላ ይላል። ለመኪና ከሆነ ያንን ኤሌክትሪክ በቀጥታ ባትሪ ውስጥ መክተት ይሻላል፤ አብዛኛው ጎማው ድረስ ይደርሳል። በሃይድሮጅን በኩል ከሄደ ኤሌክትሮሊሲሱ ላይ፣ ፊውል ሴሉ ላይ ይቀነሳል፤ የቦሮን መሙያው ሲጨመር የሚተርፈው ትንሽ ነው። ቦሮኑም ከውጭ መምጣት አለበት፤ የዓለም ትልቁ ክምችት ቱርክ ውስጥ ነው፣ ከዚያ ቀጥሎ ስሙ የሚነሣው የካሊፎርኒያው ማዕድን ነው።

እነዚህ ውህዶች ቦታ የሚኖራቸው ክብደት ከዋጋ በሚበልጥበት ነው፤ ረጅም ሰዓት የሚበር ትንሽ ሰው አልባ አውሮፕላን፣ ከመስመር ርቆ የሚቀመጥ የመለኪያ መሣሪያ። እዚያ አንዴ ተጠቅመው ቢጥሉትም ያዋጣል። ግድቡ ሃይድሮጅን ይሥራ ከተባለ እኔ የምመርጠው ማዳበሪያ ነው፤ አሞኒያውን ራሱን ነው የምንፈልገው፣ መልሰን ሃይድሮጅን ማድረግ አያስፈልገንም።

---

መምህርት_ደሴ · ረቡዕ፣ ምሽት 2፡20

ትናንት የተባለውን ይዤ ዛሬ ክፍል ገባሁ። የሃይድራዚኑን ስሌት ሰሌዳ ላይ ሠራን፤ 8 ኪሎ ሲወጣ ልጆቹ ተሳስተናል ብለው ደግመው ሠሩት። አንዷ ተማሪዬ ደግሞ «ሃይድራዚኑ 8 ኪሎ ሆኖ 12.6 በመቶው ሃይድሮጅን ከሆነ፣ ውስጡ ያለው አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ነዋ! ለምን ሃይድራዚኑን ራሱን አንጭነውም?» አለችኝ። ለመኪና አደገኛ ነው ብዬ መለስኩላት፤ ጥያቄዋ ግን ደስ ብሎኛል። ለነገ ደግሞ የፈሳሹን ልስጣቸው ወይ? የሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይዱን ማለቴ ነው። መልሱን ቀድሜ ልያዘው።

---

ቦሮን_ወዳጅ · ረቡዕ፣ ምሽት 2፡55

ልጅቷ ነገሩን ከሥሩ ነው የያዘችው፤ በርቺ ይበሉልኝ። ከመሙያው የገባው ሃይድሮጅን ሁሉ ወደ ነዳጁ አለፈ፣ ምንም አልባከነም። ከፍ ያለው የሃይድራዚኑ ዋጋ እንጂ የሃይድሮጅኑ ብክነት አይደለም።

ለነገው እንዲህ ያስቡት። ቀለበቱ በሜታኖል ሲፈታ ቦሮኑ ሁለት የሜታኖል ቅሪት ይይዛል፤ እነሱን ለመተካት ሁለት ሃይድራይድ ይበቃል። የናይትሮጅኑን ድርሻ ሜታኖሉ ራሱ ሰጥቷል። ሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድ አራት ሃይድራይድ ስላለው ግማሽ ሞል ይበቃል፤ 19 ግራም። ነዳጁ ሲሠራ የሚሰጠው 4 ግራም ሃይድሮጅን ነው። ስለዚህ ለ1 ኪሎ ሃይድሮጅን 4.7 ኪሎ።

ከዚያ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ያስኪዷቸው። አንድ ሞል ሊቲየም አሉሚኒየም ሃይድራይድ የሚሠራው ከአራት ሞል ሊቲየም ሃይድራይድና ከአንድ ሞል አሉሚኒየም ክሎራይድ ነው። 4.7 ኪሎው ውስጥ የገባው ሊቲየም ብረት ስንት ነው? 3.4 ኪሎ ገደማ መውጣት አለበት፤ ሁሉም ከቀለጠ ክሎራይድ በኤሌክትሮሊሲስ የወጣ። የሶዲየሙን 11.4 ከጎኑ ጻፉትና ልጆቹ ራሳቸው ያወዳድሩ፤ በኪሎ ሳይሆን በሞል እንዲያወዳድሩ ግን ይንገሯቸው። ያን ጊዜ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ያገኟቸዋል፦ ለእያንዳንዱ የቦሮን ሃይድራይድ አንድ የብረት (የሶዲየም ወይም የሊቲየም) አቶም፣ ለእያንዳንዱ የብረት አቶም አንድ ኤሌክትሮን ከግድግዳው ሶኬት።